የበለዘ ቆዳና የቋጠረ ደም፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፉት ወራት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ በምት፣ በመውደቅ ወይም ምክንያቱ በውል ባልታወቀ ሁኔታ ስለሚበልዝ ቆዳ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። የጠያቂዎቻችንን ስም አናወጣም፤ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎችም ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከደረጃ ላይ ተንሸራቶ ወድቆ ጭኑና ክንዱ ክፉኛ በለዘ። እናቴ በሞቀ ውሃ ጨው በጥብጠን እንድናሸውና ቅቤ እንድንቀባው መከሩን፤ ጎረቤታችን ደግሞ ወጌሻ ይጠራ አሉ። በረዶ ነው የሚሻለው የሚልም አለ። እኛ ቤት ግን ማቀዝቀዣ የለም። የማንን ምክር እንስማ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ቆዳ የሚበልዘው በምቱ ኃይል ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲበጠሱና ከእነርሱ የፈሰሰው ደም መውጫ አጥቶ በሥጋው መካከል ሲቋጠር ነው። አንዴ የፈሰሰውን ደም የሚያነሣው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ እኛ ልንረዳው የምንችለው ገና በመፍሰስ ላይ ያለው እንዲቀንስ በማድረግ ነው። ለዚህ ያለን ጊዜ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ናቸው፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ ለሚቀርብልዎ ምክር ሁሉ መመዘኛ የሚሆነው ጥያቄም «ይህ ነገር የደም ሥሩን ያጠበዋል ወይስ ያሰፋዋል?» የሚለው ነው።

ቅዝቃዜ የደም ሥርን ያጠባል፣ እብጠትንና ሕመምንም ያስታግሣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚመረጠው ቀዝቃዛ ነገር ነው። በረዶ ከተገኘ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በቦታው ላይ ይቀመጥና ይነሣል፤ ቆዳው ወደ ሙቀቱ ከተመለሰ በኋላ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ማድረግ ይቻላል። በረዶን ያለ ጨርቅ በቀጥታ ማስቀመጥም ሆነ ከተባለው ጊዜ በላይ ማቆየት ግን ቆዳውን ራሱን ሊጎዳው ይችላል። ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣ በቂ አገልግሎት ይሰጣል፤ ፎጣው ሙቀት እየሳበ በሄደ ቁጥር እንደገና መንከር ነው። በወልድያ ሌሊቱን ከቤት ውጭ ያደረ የጀሪካን ውሃ ለዚህ የሚሆን ቅዝቃዜ አለው።

ከዚህ ጋር የተጎዳው እግር ወይም ክንድ ከልብ ከፍታ በላይ በሚሆንበት ሁኔታ በትራስ ላይ ተደግፎ እንዲያርፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ባለቤትዎ ጋደም ብለው እግራቸውን በሁለት ትራስ ላይ ቢያኖሩ ደሙ ወደ ታች እየወረደ አይጠራቀምም። እብጠት ካለ በላስቲክ ፋሻ ላላ አድርጎ መጠቅለልም ይጠቅማል፤ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ግን ፋሻው ጠብቋልና ወዲያውኑ ሊፈታ ይገባል።

እናትዎ ያሰቡት ሙቅ ውሃ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጊዜው ግን ገና ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እብጠቱ መጨመሩን ሲያቆም፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢደረግበት ወደ ቦታው የሚመጣው ደም ስለሚጨምር የተቋጠረው ቶሎ እንዲነሣ ይረዳል። ይኸው ሙቀት በመጀመሪያው ቀን ቢደረግ ግን የደም መፍሰሱን ያባብሰዋል። የጨውን ነገር በተመለከተ፣ ባልተላጠ ቆዳ ላይ ጉዳትም ጥቅምም የለውም፤ በተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ቅቤም እንዲሁ የተቋጠረ ደም አያነሣም፤ ጉዳት የሚያመጣው እርሱን ሰበብ በማድረግ የሚደረገው እሽታ ነው።

በእሽታው ጉዳይ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር እፈልጋለሁ። ገና የተጎዳን ሥጋ ማሸት የረጉትን የደም ሥሮች እንደገና ይከፍታቸዋል፤ ጭን ላይ ያለ ትልቅ የደም መቋጠር በተደጋጋሚ ሲታሽ ደግሞ አልፎ አልፎ በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ጠጣር ነገር ሊያበቅል ይችላል። ወጌሻ በማኅበረሰባችን ዘንድ ያላቸውን ከበሬታ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹም በቅንነት ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ከበለዘው ቦታ ሥር አጥንት መሰበሩንና አለመሰበሩን በእጅ ዳሰሳ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስብራት ላይ በጥብቅ የታሰረ እንጨትና ጨርቅ የደም ዝውውርን አቋርጦ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ያደረሰባቸው ሕመምተኞችም በሀገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። ባለቤትዎ በእግራቸው መቆም ካልቻሉ፣ ክንዳቸው ከተጣመመ ወይም አጥንቱን ሲነኩት ከፍተኛ ሕመም ከተሰማቸው መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ራጅ ነው። በዋግምት ወይም በምላጭ የተቋጠረውን ደም ለማውጣት መሞከርም ለቁስለትና ለበሽታ በር ይከፍታልና በፍጹም አይደረግ።

ለሕመሙ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ሊያልፍ አይገባም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አስቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የደምን መርጋት ስለሚያውኩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባይወሰዱ ይመረጣል።

ቀለሙ ሲለዋወጥ ቤተሰቡ እንዳይደናገጥ ይህንም ልጨምር። የፈሰሰው ደም በውስጡ ያለው፣ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ሄሞግሎቢን እየተሰባበረ ሲሄድ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም ቢጫና ቡናማ እየሆነ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ እነዚህ ቀለሞች በግልጽ ላይለዩ ስለሚችሉ ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል፦ ቦታው ያብጣል? ከሌላው ቆዳ ይሞቃል? ሲነኩት ያማል? ደሙ በስበት ወደ ታች ስለሚወርድ ጭን ላይ የተመታ ሰው ከቀናት በኋላ ጉልበቱ አጠገብ ቢበልዝ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። በአንጻሩ እብጠቱ በፍጥነት እየጨመረ፣ ጭኑ እንደ ድንጋይ እየጠጠረና ሕመሙ ከመድኃኒቱ በላይ እየሆነ ከሄደ፣ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ግዴታ ነው። ከወደቁ በኋላ ራስን መሳት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ወይም ሽንት ውስጥ ደም መታየትም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። ምንም ሳይመታቸው ክንዳቸውና የእጃቸው ጀርባ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል። «ደሜ አልቆ ነው» እያሉ ይጨነቃሉ። የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እናትዎ የሚሉት የደም ማለቅ የዚህ ምክንያት የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሥሮችን ደግፎ የያዘው ከቆዳ ሥር ያለው ንጣፍ ይሳሳል፤ በተለይም ዘመናቸውን በፀሐይ ሥር ሲሠሩ በኖሩ ሰዎች ክንድና የእጅ ጀርባ ላይ ቆዳው በጣም ስስ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የበር ጠርዝ ነካ ቢያደርጋቸው ወይም ሰው እጃቸውን ጨበጥ ቢያደርግ፣ እርሳቸው ሳያስተውሉት የደም ሥር ይበጠሳል። ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ከጠፋ በኋላም ቡናማ ጥላ ለወራት ሊቀር ይችላል።

ከዕድሜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። የሚወስዱት ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ከሆነ በቀላሉ መበለዝ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ይሁንና ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ማቆም ለልብ ወይም ለአንጎል አደጋ ሊያጋልጣቸው ስለሚችል በራሳችሁ አታቋርጡት። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘው ዋርፋሪን ከሆነ ግን ጉዳዩ ይጠነክራል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በየጊዜው በሚደረግ የደም ምርመራ ነው፤ ድንገት መበለዝ መብዛቱ፣ ድድ ወይም አፍንጫ መድማቱ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆሩ መጠኑ ከልክ ማለፉን ሊያመለክት ስለሚችል የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ፣ በዚያው ዕለት መታየት አለበት።

ስለ ምግባቸው ብዙዎች «ጎመን ክልክል ነው» ይላሉ። በጎመንና በቆስጣ ውስጥ የሚገኘው ቪታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ሐኪሞች የሚፈልጉት ግን ከሳምንት ሳምንት የሚበሉት መጠን እንዳይለዋወጥ ነው። በጾም ወራት ጎመን በብዛት በልቶ በፋሲካ ድንገት ማቆም የምርመራውን ውጤት ያናጋዋልና ይህን ለሐኪማቸው አስቀድማችሁ ንገሩ። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ በእንክብል ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ግን የመድማት ዕድልን ሊጨምር ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድ።

በቤት ውስጥ የምታደርጉላቸው ጥንቃቄ ቀላል ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ፤ ቆዳቸው እንዳይደርቅ ቫዝሊን ይቀቡ። የጠረጴዛና የአልጋ ሹል ጠርዞች በጨርቅ ይሸፈኑ፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚሄዱበት መንገድ መብራት ይኑረው፤ የሚሸራተት ምንጣፍ ይነሣ። ሲያነሧቸው ክንዳቸውን ይዞ መሳብ ቀርቶ ከጀርባና ከብብት ሥር ይደገፉ። ቆዳው ከተላጠ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ የተላጠው ክፍል ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለስና በማይጣበቅ ጨርቅ ይሸፈን፤ ፕላስተር በቀጥታ ከተለጠፈበት ሲነሣ ሌላ ቆዳ ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በሪያድ በቤት ሠራተኛነት እኖራለሁ። ፊቴንና እጄን የሚያቀላ ክሬም ለረጅም ጊዜ ስቀባ ቆይቻለሁ። አሁን የእጄ ደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ፤ ዕቃ ነካ ባደረገኝ ቁጥርም እበልዛለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የገለጹልኝ ነገር ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ለረጅም ጊዜ በመጠቀም ከሚመጣ የቆዳ መሳሳት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ቆዳን ያቀላሉ ተብለው በሚሸጡ ብዙ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች ይገኛሉ፤ በማሸጊያው ላይ ሳይጻፉ የሚገቡበት ጊዜም አለ። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲታዘዙ ይጠቅማሉ፤ ለወራት ሲቀቡ ግን የደም ሥሮቹን የሚደግፈውን ኮላጅን ያሳሱታል። በአንዳንዶቹ ክሬሞች ውስጥ ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪም ተገኝቷል። ክሬሙን መተው እንዳለብዎ አልጠራጠርም፤ ሰፊ የሰውነት ክፍል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ከቆዩ ግን ድንገት ማቆም የቆዳ ማቃጠልና የድካም ስሜት ሊያስከትል ስለሚችል ክሬሙን ይዘው ወደ ሐኪም ቢሄዱና በእርሱ መሪነት ቢያቋርጡ ይሻላል። እስከዚያው ሽታ የሌለው ማለስለሻ ይቀቡ፣ ከፀሐይ ይጠንቀቁ፣ ዕቃ ሲያጥቡ ጓንት ያድርጉ። የተፈጥሮ መልክዎ እንዲለወጥ የገፋፋዎ ማንም ይሁን ማን፣ ጤናዎ ከእርሱ አስተያየት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንኖራለን። የ4 ወር ልጃችን ከወገቧ በታች ሰማያዊ ግራጫ የሆነ ሰፊ ምልክት አላት፤ የማቆያው ሠራተኞች «ምን መታት?» ብለው ጠየቁን። የ6 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ቅልጥሙ ከመበለዝ ዐርፎ አያውቅም። ልንሰጋ ይገባል?

መልስ፦ የሴት ልጃችሁ ምልክት ከተወለደች ጀምሮ የነበረ ከሆነ፣ በአፍሪካና በእስያ ዘር ባላቸው ሕፃናት ላይ እጅግ የተለመደ የትውልድ ምልክት ሳይሆን አይቀርም። ከደም መቋጠር የሚለየው ሲነኩት ስለማያም፣ ስለማያብጥና በቀናት ውስጥ ቀለሙን ስለማይለውጥ ነው፤ አብዛኛው ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ይደበዝዛል። በአሜሪካ መምህራንና የሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች ጉዳት የጠረጠሩበትን ልጅ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባቸው ጥያቄያቸውን እንደ ስድብ አትቁጠሩት። የሕፃናት ሐኪሟ ምልክቱን በመዝገቧ ላይ እንዲያሰፍርና ለማቆያው የሚሰጥ ማስረጃ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ሠራተኞቹ መጠየቃቸው ተገቢ የሚሆንበት ምክንያትም አለ፦ ገና የማይድህ ሕፃን በራሱ አይበልዝምና በዚህ ዕድሜ እውነተኛ የደም መቋጠር ከታየ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የወንድሟ ነገር ሌላ ነው። የሚሮጥና የሚዘል ልጅ ቅልጥሙ፣ ጉልበቱና ግንባሩ ቢበልዝ የዕድሜው ነው፤ ጆሮ፣ አንገት፣ ሆድና ጀርባ ላይ ሲሆን ግን ምክንያቱ መጠየቅ አለበት። ለብስክሌትም ሆነ ለስኬቲንግ የራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ ያድርግ። የሚከተሉት ሲታዩ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ምት በብዙ ቦታ መበለዝ፣ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ የማይቆም የአፍንጫ ደም፣ መገርጣት፣ ክሳት ወይም ረጅም ትኩሳት። ከጉንፋን ጥቂት ሳምንታት በኋላ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች የሚያንሱበት ሕመም በልጆች ላይ ይከሰታል፤ አብዛኞቹ ይድናሉ፣ ነገር ግን በሐኪም ክትትል ነው። በወንድ ልጅ ላይ ግርዛቱ ወይም የጥርስ መነቀሉ ደም አላቆም ብሎ ከነበረ፣ ወይም መገጣጠሚያው ያለ ምክንያት የሚያብጥ ከሆነ፣ ሄሞፊሊያ የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ችግር ይታሰባል።

ለሁሉም ወላጆች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ትኩሳት ያለው ልጅ ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ከወጣ የመስታወት ብርጭቆ ተጫኑበት፤ ከብርጭቆው ሥር ነጠብጣቡ ካልጠፋ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ። በጠይም ቆዳ ላይ መዳፍን፣ የእግር ጫማንና የዓይን ሽፋንን ውስጡን ተመልከቱ። ይህን የምለው ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በሚያጠቃው የአፍሪካ ቀጠና ውስጥ የምትገኝ ሀገር ናት።

ጥያቄ፦ በቀላሉ እንዳንበልዝ የሚረዳ ምግብ ወይም ቪታሚን አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጤነኛ ሰው ምግቡ የተሟላ ከሆነ የሚጨምረው እንክብል የለም። ቪታሚን ሲ በጣም ሲያንስ የደም ሥሮች ስለሚዳከሙ ቆዳ ይበልዛል፣ ድድም ይደማል፤ ይህን ለመከላከል ብርቱካን፣ ዘይቱና፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይበቃሉ። ቪታሚኑ በሙቀት ስለሚጠፋ ቃሪያውና ቲማቲሙ አንዳንዴ በጥሬው ቢበላ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ጣቴ በመኪና በር ተቀርጥፎ ጥፍሬ ጠቆረ። ጓደኞቼ በጋለ መርፌ ብሳው ይሉኛል። ደም ስሰጥም ክንዴ ሁልጊዜ ይበልዛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥፍሩን ቤት ውስጥ አይብሱት። ከሥሩ የተጠራቀመው ደም እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ካለው ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ይወጣልዎታል፤ ይህም በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ቢሆን ይሻላል። ሕመሙ ከቀለለ ግን ይተዉት፤ የጠቆረው ጥፍር እያደገ ለመውጣት በእጅ 6 ወር ያህል ይፈጅበታል። ደም ከተቀዱ በኋላ ክንድዎን ሳያጥፉ፣ ቀጥ አድርገው፣ ጥጡን ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳያሹ ይጫኑት፤ በዚያ ቀንም በዚያ ክንድ ከባድ ዕቃ አያንሡ።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ሥር በልዟል። ሰኞ ሥራ እገባለሁ፤ ሰው ሳያይብኝ በቶሎ የሚያጠፋ ነገር ንገሩኝ። ያደረገው ባለቤቴ ነው፤ የመጀመሪያውም አይደለም። (አድራሻ አልተገለጸም)

መልስ፦ የጠየቁኝን በቅድሚያ ልመልስ። በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ቆዳዎን ከማቃጠል በቀር አይረዱም። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ዓይኑን ሳይጫኑ በጉንጭዎ አጥንት ላይ ያድርጉ፣ ሲተኙ ራስዎን በትራስ ከፍ ያድርጉ። እይታዎ ከደበዘዘ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካሳየዎ፣ አፍዎ አልገጥም ካለ፣ ሁለቱም ዓይኖችዎ ከበለዙ፣ ከጆሮዎ ጀርባ ከበለዘ ወይም ከአፍንጫዎ ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ የአጥንት ስብራት ሊኖር ይችላል። አንገትዎን አንቆዎት ከነበረ፣ ምልክት ባይታይም ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ከከበደዎ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ሐኪም ዘንድ መሄድዎ ለሌላም ምክንያት ያስፈልጋል። የበለዘ ቆዳን ቀለም አይቶ ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን በትክክል መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በጊዜው የተመዘገበ የሕክምና ውጤት ነው። ከተቻለ ምልክቱን ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ሰው ያስቀምጡ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ፖሊስንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚሰጥ የተጎጂዎች ማዕከል አለ፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ከጥቃት ለሸሹ ሴቶች ከነልጆቻቸው መጠለያ ይሰጣል። ከቤት ለመውጣት ባይወስኑ እንኳ መታወቂያዎን፣ የልጆችዎን የልደት ወረቀትና ጥቂት ገንዘብ ከቤት ውጭ በሚያምኑት ሰው ዘንድ ያኑሩ፤ ደብዳቤዎንም በስልክዎ ላይ ከጻፉት ያጥፉት።